የስፒከር ማግኔት ላይ ያደሩ ድንጋዮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሣጥኑ አልጋዬ ሥር የለም። ሠልስቱ ዛሬ አበቃ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ዕቃችንም እየተመለሰ ነው። ፍራሹ መጣ፣ ቁም ሣጥኑ መጣ፣ የድንጋዮቼ ሣጥን ግን አልመጣም።

ግድግዳ የምንጋራቸው የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ታረቀኝ ቅዳሜ አረፉ። ከክፍለ አገር የመጡት ዘመዶቻቸው እኛ ቤት ነው ያደሩት። ሰፈራችን እንዲህ ነው፤ ለቅሶ ሲሆን ጎረቤት ቤቱን ባዶ አድርጎ ይሰጣል፣ እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። ወንዶቹ ዕቃ ሲያወጡ እኔ ድንኳን ውስጥ ሰሃን እያጠብኩ ስለነበር አላየሁም።

አባዬን ጠየቅኩት። «ሰው እንዳይረግጥብሽ ብዬ ሱቅ አስቀምጬልሻለሁ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ሮጥኩ። አባዬ የስፒከርና የቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ሣጥኔ ከአሮጌ ስፒከሮች የፈታቸው ማግኔቶች ላይ ተቀምጧል። አጠገባቸው እንኳ አይደለም፣ ላያቸው ላይ!

ድንጋዮቹ ከባሕር ወለል በመርከብ ተቆፍረው የወጡ ናቸው። መነሻቸው ከምድር ቅርፊት በታች፣ ከማንትል ነው። ትልቅ ስንጥቅ ወደ ላይ ሲስባቸው የባሕር ውሃ ይገባባቸውና ይጠቁራሉ፣ ውስጣቸውም ማግኔታይት የሚባል ደቃቅ ማዕድን ይፈጠራል። እሱ ሲፈጠር የዚያን ዘመን የምድር ማግኔት ወዴት እንደሚጠቁም ይይዛል። ቋጥኙ ኋላ ካዘነበለ የያዘው አቅጣጫም አብሮ ያዘነብላል። የማስተርስ ጥናቴ ያንን ዝንባሌ ለክቶ ስንጥቁ የባሕሩን ወለል ምን ያህል እንዳዞረው መናገር ነው። ማግኔት ላይ ያደረ ድንጋይ ግን አዲስ አቅጣጫ ይጫንበታል። በውሰት የመጡ ናቸው፤ ምትክ የላቸውም።

ያልኩትን መጻፍ ያሳፍራል። እንግዶቹ እየሰሙ «አንተ የነካኸው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል!» አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግን የኖረን ሰው። ጓደኛውን ከቀበረ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ሱቁን ቆልፎ ወደ ቤት ገባ።

ረቡዕ፣ 19

ሱቁ አልተከፈተም።

ለአማካሪዬ ለዶክተር ሄለን ደወልኩ። «ማን ቤት ውሰጂ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። የቢሮው ጣሪያ ቢያፈስ ሌላ ቢሮ መለመን ነበረብኝ እንጂ ጌጃ ሰፈር አምጥቼ አልጋ ሥር መክተት ምን የሚሉት ነው? ጥፋቱ ከኔ ጀመረ፣ አባዬ ላይ ጮህኩ።

ዶክተር ተስፋ አልቆረጠችም። ስፒከሩ ያሳደረባቸው አቅጣጫ ላላ ያለ ከሆነ የላብራቶሪው ማሽን ቀስ በቀስ ይጠርገዋል አለች። የድሮው የጠበቀ ከሆነ ከሥር ይቆያል። ካልሆነ ጥናቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገ ይዤላት እሄዳለሁ።

ማታ እማዬ ወደ ጓዳ ጠርታ የሆነውን ነገረችኝ። አባዬን ብርጭቆውን አቀብለኝ ስትለው «ልጅሽን ሙኒራን ጠይቂያት፣ እኔ ከነካሁት ይሰበራል» አላት። ቀልድ መስሏት ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታየው ተወችው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ሐሙስ፣ 20

ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ፣ ሣጥኑ ጭኔ ላይ። ወያላው «ከኋላ ግቢ» አለኝ። ከኋላ ስፒከር አለ! እምቢ ብዬ ወረድኩ፣ ሌላ ታክሲ ጠበቅኩ። እብድ ሳትመስለው አልቀረሁም።

የመጀመሪያው ልኬት አስደነገጠኝ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይጠቁማሉ፣ ወደ ሣጥኑ ታች፣ ማግኔቶቹ ወደነበሩበት። የባሕሩ ነገር ምኑም የለም። ማጽዳቱን ልንጀምር ስንል መብራት ሄደ።

ቤት ስደርስ አንድ ሰውዬ በራችን ላይ ቆሟል። ለልጁ ሠርግ ለጥገና የተወውን ስፒከር ሊወስድ ነው የመጣው። አባዬ «ሌላ ዘንድ አሠራው፣ እኔ ትቻለሁ» አለው። ሰውዬው ሲለምነው ሰማሁ። አባዬ ግን ገባና ተኛ፣ በጠራራ ፀሐይ። አንጀቴን በላው። ይቅርታ ልለው በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ድንጋዮቹ ሞተው ከሆነ ምን ብዬ አጽናናዋለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዓርብ፣ 21

መብራት አለ። ከሣጥኑ የታችኛው ረድፍ፣ ለማግኔቶቹ ቅርብ ከነበረው፣ ጀመርን። ማሽኑ ሲጠርገው የስፒከሩ ጫና ለቀቀ፣ የድሮውም አብሮ ሄደ። ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውን ዶክተር አስገባችው፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዚያ የላይኛው ረድፍ። መጀመሪያ ያው ወደ ታች ነው። ትንሽ ስንጠርገው ዘወር አለ፣ እንደገና ስንጠርገው ጨምሮ ዘወር አለ፣ ከዚያ ቆመ። ኃይሉን ብንጨምር ብንጨምር አቅጣጫውን አለቅም አለ። ቀጣዩም እዚያው ላይ ቆመ። ዶክተር እጄን ያዘችኝ። ያዘነበለ ነው፣ በደንብ ያዘነበለ። ስንጥቁ ወለሉን እያዞረ ነው ያወጣው። አልሐምዱሊላህ።

የታችኛው ረድፍ ጠፍቷል። ለባለቤቶቹ እውነቱን መንገር አለብን፣ ምን እንደሚሉ አናውቅም። በቀረው ግን ጥናቱ ይቀጥላል ብላለች ዶክተር።

አንዱን ድንጋይ ለአባዬ ላሳየው አስፈቅጄ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። እሱ ተለክቶ አልቋል።

ቅዳሜ፣ 22

አባዬ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ጋሽ ታረቀኝ ሁሌ ይቀመጡበት የነበረው በርጩማ አጠገቡ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩት። «ተነሺ፣ ሰው ያያል» አለኝ። «ሰው ይይ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ የጠፉትንም የዳኑትንም አልደበቅኩም። መጀመሪያ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩት።

ድንጋዩን ስሰጠው እጁን ሰበሰበ። «አልነካም።»

«ንካው አባዬ። ይሄ የዳነው ነው።»

 እጁን በቱታው ጠረገ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እና ተቀበለኝ። «ላዩ የትኛው ነው?» አለ። ጎኑ ላይ ወደ ላዩ የሚያመለክተውን ቀስት አሳየሁት።

«ታረቀኝ ቢያይ፣ ‹ይሄን ደግሞ ማን ይገዛሻል› ይልሽ ነበር» አለና ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋዩን ግን ቀስቱን ወደ ላይ አድርጎ እንደያዘው ነበር።