አልደርቅ ያለው የመሪጌታ ቁስል

ሚያዝያ 2፣ 1976
የተለመደ ቀን። በሽተኞቼን አይቼ ጨረስኩ። የዘጌው መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቁስል ብቻ ዛሬም ውሃ ያፈሳል። ባለፈው ሳምንት በእምብርታቸው ወጥቶ የታነቀ አንጀት መልሼ ሰፍቼላቸዋለሁ። ጉበታቸው ግን የተጎዳ ነው፣ ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ስፌቱን ከውስጥ ይገፋዋል። በመርፌ ቀስ እያልኩ ቀዳሁላቸው፣ ጨው ከለከልኩ፣ ሆዳቸውን በሰፊ ፋሻ አሰርኩ። ይደርቃል። የማን ስፌት ነው!

ሚያዝያ 6
ደረቀ! አላልኩም? ነርሷ ወለላ፣ "ዶክተር፣ ቶሎ አይፎክሩ" አለችኝ። ለምን አልፎክር?

ሚያዝያ 9
ሕማማት ከገባ ወዲህ ፋሻው እንደገና ይርሳል። ዛሬ ስፌት ተበጥሶ አገኘሁ። ጀርም በዚያ ከገባ የሆዳቸው ውሃ ይመግላል፤ ያ ጉበት ደግሞ አይችለውም። ይሞታሉ። ስፌቱን ምን ወጠረው? አያስሉም፣ የሆድ ድርቀት የለባቸውም... ጨው ይሆን? ባለቤታቸው እመት ወለተ ሩፋኤል ያመጡትን የባቄላ ንፍሮ ቀመስኩ። ቅንጣት ጨው የለውም። ታዲያ ምን? ከሰዓት ስብሰባ ላይ ካድሬው ስለ ምርት ሲያወራ እኔ ስለ ስፌት አስብ ነበር።

ሚያዝያ 10
ያዝኳቸው! መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ መሪጌታ ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ለካ ስፌቴን የሚበጥሰው ስግደት ነው!
"መሪጌታ! ሆድዎ ይከፈታል እኮ!"
"በሕማማት ሳልሰግድ ልዋል ልጄ? ተኝቼ የከረምሁት አይበቃም?"
"ይሞታሉ።"
"እሱ ካለ..."
ወለላን ጠየቅኳት። "ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ መጋረጃውን የምስበው እኔው ነኝ" አለች። ተናደድኩ። ግን እኔስ? ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደግኩ ሰው፣ ሕማማት መሆኑን እያወቅኩ ስግደቱን ረስቼ ጨው ፍለጋ ንፍሮ ስቀምስ! በኔ ንግግር እንደማይመለሱ ገባኝ። በዘጌ ጀልባ ለንስሐ አባታቸው መልእክት ሰደድኩ።

ሚያዝያ 11
የንስሐ አባታቸው አባ አካሉ መጡ። ቁስሉን አሳየኋቸው። ወደ መሪጌታ ዞሩና፣ "የታመመ በመቁጠሪያ ይሰግዳል ብለው ተማሪ የሚያስተምሩ እርስዎ አይደሉም? ከዚህ አልጋ ወርደው ቢሰግዱ ገዝቼዎታለሁ!" አሉ።
መሪጌታ መቁጠሪያቸውን አነሡ። ከግዝት ወዴት ይኬዳል? ቀናሁ እንጂ... የኔ ትእዛዝ መቼ ይህን ያህል ጉልበት ኖሮት ያውቃል? አደንዝዤ እንደገና ሰፋሁ።

ሚያዝያ 12
ስቅለት። አገር ሁሉ ሲሰግድ መሪጌታ ተኝተው አለቀሱ። ጣታቸው ብቻ መቁጠሪያው ላይ ይሄዳል። አንጀቴን በሉት። ፋሻው ግን ደረቅ ነው።

ሚያዝያ 27
ስፌቱን ፈታሁ። ገጥሟል! ጉበታቸው አልዳነም፣ አይድንምም ይሆናል፤ ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ። ቁስሉን ግን አሸንፈናል። አሁን ሆድ የሰፋሁለትን ሁሉ "ይሰግዳሉ?" እላለሁ። ወለላ ትስቅብኛለች።
እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ሊሰናበቱኝ ጎንበስ ሊሉ ሲሉ "መሪጌታ!" ብዬ ጮህኩ። ሳቁ።
"እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም፣ አትፍራ።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ አንተን እጠይቃለሁ።"
እኔን! ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው። የኔ ሆድ ምን ስፌት አለበት?