የመኪናዬ መሪ ክንፍ አወጣ

ለምሳሳልሽ የበኩር ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባልሽስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ ጀመረች ብለሽኝ ነበር፤ ስንት በቀሉላት? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ አልጋ ላይ አልጣለኝም። ወንድምሽ ደብዳቤውን እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም የራሴን ጉዳይ በራሴ እጅ ነው የምነግርሽ።

ጉዳዩ የገዛሽልኝ መኪና ነው። ለጉልበቴ አዝነሽ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሽ በራሷ የምትቀይር መርጠሽልኛል፤ ተባረኪ። ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ካሚዮን የነዳ ሰው፣ መኪና ሳትጠይቀው የፈለገችውን ስታደርግ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። በተለይ ያ ከቤታችን ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ። ቁልቁለት በማርሽ ይያዛል እንጂ በፍሬን አይወረድም፤ ፍሬን ሲግል ይከዳል። የማርሽ ዘንጓን ወደ ጎን ገፍቶ ማርሽ በእጅ መቀነስ ይቻላል፤ እኔ ግን ካለፈው ዓመት ውድቀቴ ወዲህ ግራ እጄ መጨበጥ ትቷል፣ ጣቶቹ ብቻ ናቸው የሚታዘዙኝ። ቀኝ እጄ መሪውን ለቆ ወዴትም አይሄድም።

ስለዚህ መሪው ላይ ክንፍ አበቀልኩ። ድስቱ ተበስቶ ሲጣል የቀረ አንድ የአሉሚኒየም ክዳን ነበር፤ ከእሱ ሁለት ቅጠል የሚያህል ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ ከመሪው ኋላ በግራና በቀኝ አሰርኩ። ከሥራቸው የበር ደወል መጫኛ አደረግኩ። በጣት ሳብ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል፤ የቀኙ ማርሽ ሊጨምር፣ የግራው ሊቀንስ። መሪው ሲዞር ሽቦው እንዳይበጠስ የአሮጌውን ስልክ ጥምዝምዝ ገመድ ተጠቀምኩ። ከመኪናዋ ጋር እንዲያገናኝልኝ ያን ሽቦ የምንለውን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁት። እንዲህ ያለውማ የእሽቅድምድም መኪና ላይ ነው፣ አባባ ማንን ልትቀድም ነው ሲለኝ፣ የአንተን ምላስ አልኩት። ሠርቶ ጨረሰና ዘንጉን አትንካው፣ ክንፉን ብቻ ሳብ አለኝ።

ከዚያ አሥር ቀን ምን ልበልሽ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ እወርዳለሁ። የግራውን ሳብ ሳደርግ ሞተሩ ወፈር ያለ ድምፅ አውጥቶ ይይዝልኛል። የመጀመሪያው ጥምዝ ጋ ስደርስ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እናትሽ አጠገቤ ናት። ካሚዮኑ ላይ ታደርግ እንደነበረው ብርቱካን ትልጣለች፣ ልጣጩን ሳትቆርጥ፣ አንድ ወጥ አድርጋ። ማርሽ ሳዘገይ ቀና እንኳ ሳትል፣ ቀንስ እንጂ ሰውዬ ትለኛለች። ገበያው ጋ ደርሼ በሩን ስከፍት የብርቱካኑ ሽታ አብሮኝ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ነው አንቺ የደወልሽው። መኪናዋ እንደተገራ ፈረስ ትታዘዘኛለች ስልሽ ጥቂት ዝም ብለሽ፣ ጎበዝ አባዬ አልሽኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መነጽሬ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ስዳብስ ከዳሽቦርዱ ሥር የክንፎቼን ሽቦ አገኘሁት። የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ይበታተናል፤ ይኼ በመቁረጫ ተቆርጦ፣ በጥቁር ናስትሮ እንደ ቁስል ተጠቅልሏል። ሽቦ ዘንድ ሄድኩ። ያ ለፍላፊ የያዘውን ፒንሳ አስቀመጠ። በኋላ፣ ያስቆረጠኝ ልጅህ ነው አለኝ፤ አባቴ ይደሰት፣ ማርሹን ግን አይንካ ብሎ ለመነኝ፤ መኪናዋ በራሷ ስትቀይር አንተ የቀየርክ ይመስልሃል አለኝ።

ሦስት ቀን ወንድምሽን አላናገርኩትም። ምራቴ ሰሃን ይዛ ከእሱ ክፍል ወደ እኔ ክፍል ስትመላለስ እግሯ ቀጠነ። በአራተኛው ቀን ሽቦውን ራሴ ገላልጬ ቀጠልኩትና ወንድምሽን፣ ግባ፣ ተቀመጥ አልኩት። ከመነሳቴ በፊት፣ ማርሹ በራሱ መቀየሩን ትቶ ለእጄ እንዲታዘዝ ዘንጉን ወደ ጎን ገፋሁት። ቁልቁለቱ ላይ የግራውን ሳብኩ። መኪናዋ ልጓም እንደተያዘ በቅሎ ገታ አለች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ወንድምሽ፣ አባዬ ቀስ፣ እያለ የጣሪያውን እጀታ በሁለት እጁ ያዘ።

እኔ የገረመኝ ሌላ ነው ልጄ። ያንን ድምፅ አላውቀውም። ቀጭን ነው፣ ስለታም ነው። አሥር ቀን ሙሉ ስሰማው የነበረው የካሚዮኑ ድምፅ ነበር፤ ተቆራርጦ ለብረት ከተሸጠ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው። እናትሽም በዚያ ቀን አልመጣችም።

ሹፌር በጆሮው ነው የሚነዳው። ዓይን ቢደክም መነጽር አለው። የሌለ ሞተር እየሰማ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ግን ቁልፍ ሊይዝ አይገባም። ይህን ሐኪም ቢነግረኝ እጣላው ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ገበያው ጋ አቆምኩና ቁልፉን ነቅዬ ወንድምሽ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። አባዬ፣ ልወስድብህ ብዬ እኮ አይደለም አለኝ። መውሰድማ ከየት አባትህ፣ እየሰጠሁህ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንቺንም አኩርፌሽ ነበር። ያቺ የስልክ ዝምታሽ ነገሩን ማወቅሽን አሳበቀችብሽ፤ ውሸት አለመቻልሽ የእናትሽ ነው። አሁን ትቼዋለሁ፤ ወንድምሽን እንዳትቆጪው።

አሁን እሱ ይነዳል፣ እኔ አስተምረዋለሁ። ፍሬኑን እንዲያው ሲፈጀው ነበር የኖረው። ክንፉን ሦስቴ አከታትሎ ሲስብ፣ የጎረቤት በር ላይ እንደቆመ አትደውለው እለዋለሁ። ሲስተካከልለት ወደ ኋላ ደገፍ እልና ዓይኔን እጨፍናለሁ። መንገዱን የሚያየው እሱ ነው፤ እኔ የፈለግኩትን ሞተር ብሰማ ጠያቂ የለብኝም። እናትሽም ቦታዋን ስለያዝኩባት ከኋላ ትቀመጣለች።

ባልሽን እጅ ነስቼዋለሁ በይልኝ፤ አማትሽን ጤና ይስጥልኝ በይ። ትልቁን ልጅ ብስክሌቱን ይዞ ቁልቁለት እንዳይጫወት ንገሪልኝ። የትንሿን ጉንጭ በእኔ ፈንታ ሳሚ። ወንድምሽና ሚስቱ በጣም ናፍቀውሻል፤ ሽቦም ዓይኔን አያየኝም እንጂ ሰላም በልልኝ ብሏል።

አባትሽ
ዳገቱ ላይ ካለው ቤታችን
ኅዳር 9 ቀን