መቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት

ማክሰኞ

«በዋጋ አይመደብም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ዘጠኝ ወንዶች ዞረው አዩኝ።

ስብሰባው ላይ የጎተተኝ ታናሽ ወንድሜ ጀማል ነው። «ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል፤ መጥተሽ ሰዓት ትይዣለሽ» ብሎ። እሁድ ከከተማችን ከቆቦ ወዲያ፣ ማሽላው በታጨደበት ሜዳና በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ የሞተር ሳይክል ውድድር አለ። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃም ይመጣሉ። ሽልማት የለውም፣ ለስም ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚሮጥ ግን አልተስማሙም። አንዱ ውድ ከውድ፣ ርካሽ ከርካሽ ይላል። ሌላው አዲስ ከአዲስ። የጋራዡ ባለቤትና የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ካሳሁን ደግሞ «ሁሉም አንድ ላይ ይሩጥና የቀደመ ይቅደም» አሉ።

ሞተር የሚለካው በሲሊንደሩ ነው አልኳቸው። ፒስተኑ ወርዶ ሲወጣ የሚጠርገው ባዶ ቦታ፣ ሲሲ የምትሉት እሱ ነው። መቶ ሃያ አምስቱን ከሁለት መቶው ጋር ማሰለፍ የሰባተኛ ክፍል ልጅን የአሥራ ሁለተኛ ፈተና ላይ ማስቀመጥ ነው።

አንዱ ከኋላ «ቲቸር ዘይነባ፣ ሞተር ነድተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም። የሲሊንደር ይዘት ግን አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ።»

ሳቁ። ግን እስክሪብቶውን ሰጡኝ። በካርቶን ላይ ጻፍኩ፦

ትንሹ ምድብ፣ እስከ 125። ያረጀ ሲሊንደር ሲጠገን ትንሽ ስለሚሰፋ እስከ 130 ይታለፋል።
መካከለኛው፣ እስከ 200።
ትልቁ፣ ከዚያ በላይ።
የሌላውን ሞተር የተጠራጠረ ማስከፈት ይችላል። የራሱም አብሮ ይከፈታል።

የመጨረሻዋ ከራሴ የወጣች ናት። ወደድኳት። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ጀማል ነው።

ረቡዕ

ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ጋራዥ። ሃያ አንድ ሞተር ተመዘገበ። ሁሉንም መፍታት አይቻልምና ሊብሬ እያየሁ መደብኩ። አሥራ ሁለት ትንሹ፣ ስድስት መካከለኛው፣ ሦስት ትልቁ። ጣቶቼ ግራሶ በግራሶ ሆኑ፤ የተማሪዎቹም ደብተር ላይ አሻራዬ ቀረ።

ከዋጃ አያ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ጢማቸው ሸብቷል። ሞተራቸው መስታወት የላት፣ መብራት የላት፣ መቀመጫዋ በሽቦ የታሰረ። «ትንሹ ላይ ጻፊኝ ልጄ፣ እኔም ትንሽ ነኝ» አሉኝ። ወጣቶቹ ሳቁባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

የጀማል ሊብሬ 125 ይላል። ቁጥር ሰባት ሰጠሁት። «እንደ እህት ሳይሆን እንደ ዳኛ ጻፊኝ» አለኝ እየቀለደ። እንደ ዳኛ ጻፍኩት።

ከዞብል ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ሰው እያመላለሰ ስንት ዓመቱ! የአቧራውን መንገድ እንደ መዳፉ ያውቀዋል። እሁድ ይቀድማል። ዳኛ ብሆንም ይህን መመኘት አልተከለከልኩም።

ሐሙስ

ልምምድ ነበር። ሙቀቱ ከነነፋሱ ፊት ይገርፋል። አንድ መንጋ ግመል መሐል ሜዳውን አቋርጦ ሁሉንም አስቆመ፤ ነጂዎቹ አፋሮች ቆመው ሲያዩን ቆይተው እየሳቁ አለፉ።

ጀማል ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መራ። ሌሎቹ ማርሽ እየቀነሱ የሚያቃስቱበትን የአሸዋ ዳገት እሱ ሳይቀንስ ወጣው። ጮህኩ። ነጠላዬን አውለበለብኩ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አየኝ፤ ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያወራዋል።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደሳለኝ ጠበቀኝ። የሮቢት ልጅ ነው፣ ሞተር ጠጋኝ፣ ዛሬ ሁለተኛ የወጣው። ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ያዞራል።

«ቲቸር፣ አይቆጡኝ። የወንድምዎ ሞተር መቶ ሃያ አምስት አይደለም።»

«ሊብሬውን አይቻለሁ።»

«ሊብሬ ወረቀት ነው። ያንን ዳገት ወረቀት አልወጣውም። ይከፈትልኝ። የኔም ይከፈት።»

ተቆጣሁ። ተሸንፈህ ነው አልኩት። ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ። ከዚያ የጻፍኩትን ራሴ አስታወስኩ። ነገ ከጁምዓ በኋላ አልኩት።

ቤት ስደርስ ጀማል ግቢ ውስጥ ሞተሩን ያጥባል።

«ነክተኸዋል?»

ውሃውን ማፍሰስ ቀጠለ። ጎማውን አጠበ። ሰንሰለቱን አጠበ። ቀና ሳይል «አትከፍቺውም አይደል፣ እታለም?» አለኝ።

ያ ጥያቄ መልስ ነው።

ዓርብ

ተከፈተ።

ከመስጊድ የወጣው ሁሉ ጋራዡ በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። ቅድሚያ የደሳለኝን። የሲሊንደሩ አፍ ስፋት ሃምሳ ሰባት ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ አርባ ዘጠኝ ተኩል። 126.3 ሲሲ። አርጅቶ የተጠገነ ነው፤ ከ130 በታች ስለሆነ አለፈ።

ቀጥሎ የጀማል። ብሎኑን የፈታው እሱ ራሱ ነው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ አስገባሁ። ስልሳ ሁለት። አውጥቼ ጠርጌ እንደገና አስገባሁ። ስልሳ ሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ለካሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ፋብሪካው የሠራው ሃምሳ ስድስት ተኩል ነበር። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስፍቶታል። ልዩነቱ የአንድ ስንዴ ፍሬ ርዝመት ቢሆን ነው።

የፒስተኑ ጉዞ ያው አርባ ዘጠኝ ተኩል ነው። ስልኬ ላይ አባዛሁት፦ 149.4።

አቶ ካሳሁን ጆሮዬ ሥር መጡ። «ቁጥሩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ ልጄ» አሉ በቀስታ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድም ሰው ስሌቱን አያውቀውም። አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ ብል ያልፋል።

«መቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሰባት ቁጥር መካከለኛው ምድብ።»

ጀማል አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሞተሩን እንደተፈታ ጥሎ ወጣ።

ቅዳሜ

እናቴ ቁርስ ላይ አላናገረችኝም። ሳህን ልታነሳ ስትመጣ ግን «ያ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል የወጣው አንቺ ኮሌጅ እንድትጨርሺ ነው» አለችኝ።

አውቃለሁ። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዱ መሥራት ነበረበት፤ እሱ «እሷ ትማር» አለ። ዓመት ሙሉ ሳላስበው የምውልበት ቀን የለም። ግን ያስተማረኝን ትምህርት በእሱ ላይ ብቻ ልርሳው? «የተማርኩት ይህንኑ ነው እኮ እማዬ» አልኳት። ፊቷን አዞረች። ወጥቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ኮሚቴው ጋ ሄድኩ። ስለጠሩኝ ነው።

አቶ ካሳሁን ለስለስ ብለው ጀመሩ። «ለዛሬ እለፊው። ሰዉ ከስንት ጊዜ በኋላ ለደስታ ሊሰበሰብ ነው። ቆቦ በገዛ ሜዳዋ ትሸነፍ?»

«ብትሸነፍ ነገም ቆቦ ናት። ብታጭበረብር ግን ዳግም ከሮቢት ማን ይመጣልናል?»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይለካል።»

«ይለካ። ወንድ ስለለካው ሲሊንደሩ አይጠብም።»

ድምፄ ይህን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ብቀመጥ የተሸነፍኩ ይመስላቸዋል ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

በሩ ላይ የቆሙት አያ ሰይድ ናቸው የተናገሩት። «ይቺ ልጅ የጻፈችው ከተሰረዘ እኔ ወደ ዋጃዬ እመለሳለሁ።» ደሳለኝ ተከተለ። ቀጥሎ ሦስት የቆቦ ልጆች! የኛው ልጆች፣ የጀማል ጓደኞች። «በልኩ ነው የምንሮጠው» አሉ።

አቶ ካሳሁን ካርቶኑን ወደኔ ገፉት። «ያዢው በቃ። ደረቅ!»

ደረቅ ነኝ። ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ጀማል ግን የለም። ትናንት ጓደኛው ቤት አደረ። ሞተሩንም ከጋራዥ ገጥሞ ወስዶታል አሉኝ። ሸጦት ይሆን? አሥር ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም።

እሁድ

ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት አቧራ ጥርሴ ላይ አለ። እንዳልረሳው ሁሉንም ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው፣ ከገጠር የመጣው፣ ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው። አሥራ አንዱን የትንሹ ምድብ ነጂዎች አሰልፌ ባንዲራ ላነሳ ስል ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ። ጀማል ነው። ደረቱ ላይ ሰባት ቁጥር። ዓይኑ ቀልቷል።

ፊት ለፊቴ አቆመ። «መካከለኛው ላይ ጻፊኝ።»

«ተጽፈሃል። ከዓርብ ጀምሮ።»

«ሁለት መቶዎቹን አትችላቸውም ብለው እየሳቁ ነው። ይሳቁ።» ለሞተሩ ነዳጅ ሰጥቶ ወደ ሁለት መቶዎቹ ሄደ።

መጀመሪያ ትንሹ ምድብ። ደሳለኝ እስከ መጨረሻው ዙር መራ። አሸዋው ላይ ግን አያ ሰይድ! ሁሉም ወደ ደረቁ መስመር ሲሻማ እሳቸው ከሥሩ ርጥበት ስላለ አሸዋው የጠጠረበትን የወንዙን ዳር ይዘው፣ ያች በሽቦ የታሰረች ሞተር እየተንጠራወዘች፣ በአንድ ጎማ ርዝመት ቀደሙ። ሰዉ አበደ። ደሳለኝ ወርዶ እጃቸውን ሳመ። ትላልቅ ሞተሮች አብረው ተሰልፈው ቢሆን እኚህን ሰው ማን ያያቸው ነበር? ይህችን ለራሴ ያዝኳት፤ የኔ ድል ናት።

ከዚያ መካከለኛው። ሰባት ሞተር። ጀማል ሲነሳ መጨረሻ ነበር። ሜዳው ላይ ጥለውት ሄዱ፤ አንድ ሰው «ወደ ልጆቹ ተመለስ!» ብሎ ጮኸ። አሸዋው ዳገት ላይ የሁለት መቶዎቹ ክብደት ወደ ታች ሲጎትታቸው አንዱን አለፈ። በሁለተኛው ዙር ሌላውን። በሦስተኛው ወደቀ፤ አንዱ መልሶ አለፈው። ሰዓቱ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዳኛ ነሽ፣ አትሩጪ አልኩ ለራሴ። ተነሳ። መሪውን በእግሩ መትቶ አቃናና ወጣበት። እንደገና ሁለቱን አለፈ።

አራተኛ ወጣ። ከሰባት አራተኛ።

ክርኑ ተልጦ ደም ከአቧራ ጋር ደርቆበታል። «ስንተኛ ነኝ?» አለኝ። ነገርኩት። «ለሁለት መቶዎቹ ጻፊላቸው፤ ሦስቱን በመቶ አርባ ዘጠኝ ነጥብ አራት አልፌያቸዋለሁ» ብሎ ሕዝቡ እንዲሰማ ጮኸ። ነጥብ አራቷን እንኳ አልተዋትም። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወደ ወረቀቴ አጎነበስኩ፤ ዓይኔን እንዳያይ።

ሰኞ

ጀማል ትናንት ቤት ገባ። አልሐምዱሊላህ። እናቴ ክርኑን ስታጥብለት አየሁ። ለኔ ግን እንዳኮረፈ ነው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ አልጠየቅኩትም። ለማጭበርበሩ እሱ መጠየቅ አለበት። ለዘጠነኛ ክፍሉ እኔ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አላውቅም።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ትምህርት እንቢ አሉ። «ቲቸር፣ 149.4 እንዴት መጣ?» ሰሌዳው ላይ ሲሊንደር ሳልኩ። እንደዛሬ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም።

አመሻሽ ላይ ደብተር ሳርም ጀማል በሩን ተደግፎ ቆመ። ወደ ግድግዳው እያየ ነው የሚያወራው።

«ሁለት መቶ እንዲሞላ ስንት ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል?»

አፌ ላይ የመጣው ስድብ ነበር። ዋጥኩት። እስክሪብቶ አንስቼ አሰላሁ። ሰባ አንድ ነጥብ ሰባት ያስፈልገዋል፤ አሥር ሚሊ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ይጎድለዋል። «ግድግዳው ይሳሳል፣ አይችለውም፣ ይፈነዳብሃል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በሌላ ሰውም አስለካለሁ» አለና በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ወረቀቱን ወደራሱ አዞረ። ሦስት ነጥብ አንድ አራት የሚለውን በጣቱ ነካና «ይቺ ከየት መጣች?» አለኝ።

ደብተሮቹን ወደ ጎን ገፋሁ።