የእሑዱን የሳልሳ ዘፈን ለቀየሩልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ጌድዮን፣
የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ፣ ከዚህ ዓመት ወዲህም ማንም ሳይሾማቸው የሳልሳ ሙዚቃ የበላይ ጠባቂ፤
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ድምፅዎ ሳይሰልል፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ በስብሰባ ላይ የሚቀመጡባት ባለመደገፊያ ወንበርም ሳትነቃነቅ ረጅም ዘመን እንዲቆዩልን ዘወትር እንመኛለን። እኛ በእርስዎ ቸርነት ደኅና ነን፤ ከመካከላችን የተሰበረው አንድ እጅ ብቻ ነው።

እኔ ሮዳስ ወልደ ሥላሴ እባላለሁ። መቼም ጠፍቼብዎት አይደለም፤ ነገር ግን ባለፈው ወር በአዳራሹ በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ «ሮዳስ የተባለች ግለሰብ» ብለው ስለጻፉኝ፣ ለሌሎች አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በሥራ ቀን ገበያው መንገድ ላይ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት፣ በማኅበራችን አዳራሽ በሚደረገው የሳልሳ ዳንስ ላይ ዘፈን የምመርጥ ዲጄ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምትለዋን ቃል ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዳንሱን ከሁለት ዓመት በፊት የጀመረው ዴኒስ ነው። ዴኒስ የጭነት መኪኖችን የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ፣ ናይሮቢ ሳለ ሳልሳ የተማረና የሚያውቀውን ነገር ለሌላው ካላካፈለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ወረቀታቸው እስኪያልቅ የሚጠብቁ ሾፌሮች፣ ነርሶች፣ መምህራን፣ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በእግራቸው የሚሻገሩ ባለሱቆች ይመጣሉ። ዴኒስ እርምጃውን ያስተምራል፤ እኔ ዘፈኑን እመርጣለሁ።

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «የእሷ ሥራ እኮ ቁልፍ መጫን ነው» ብለው ስለተናገሩ፣ ይህን ቁልፍ እንዴት እንደምጫነው በትሕትና ላስረዳ። ዲጄ የምታየው የሰውን ፊት አይደለም፤ ሰው በፊቱ ይዋሻል፤ እኔ እግር እግሩን ነው የማየው። ሁለት ቀን ሙሉ መሪ ጨብጦ የመጣ ሾፌር ጉልበቱ እንጨት ነው፤ ለእሱ ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበት ዝግ ያለ ዘፈን ያስፈልጋል። ከማያውቁት ሰው ጋር የተያዙ ዓይነ አፋሮች ካሉ ረጅም ዘፈን አልከፍትም፤ ስድስት ደቂቃ ለዓይነ አፋር ሰው የእስር ፍርድ ነው። ሁለት ፈጣን ካስከተልኩ ሦስተኛው ቀስ ያለ ይሆናል፤ ሰው ላቡን ይጥረግ፣ ይሳቅ፣ ውኃ ይጠጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘፈን ከመቀየሬ በፊት ቀና ብዬ አያለሁ። እየተሽከረከረ ያለ ሰው ካለ እጄን እሰበስባለሁ። ቁልፍ መጫን ማለት ይኸው ነው፤ ሙያ ብለው እንዳይቆጥሩብኝ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ በጥር ወር የማጫውታቸውን ዘፈኖች ሁሉ ዝርዝር፣ ከነአማርኛ ትርጉማቸው፣ በሦስት ቅጂ እንዳቀርብ አዘዙ። ምክንያትዎም «በስፓኒሽ ማን ማንን እንደሚሳደብ በምን እናውቃለን?» የሚል ነበር። ጥያቄው ጥልቅ ነው። በሞያሌ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው በአንድ ሱቅ በር ላይ ያገኛሉ፤ ስፓኒሽ የሚያውቅ ግን በሶላር መብራትም ቢፈለግ አይገኝም። ሦስት ሳምንት ከስልኬ ጋር ታግዬ ሰባ ሁለት ዘፈን ተረጎምኩ። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ሥልሳ አንዱን ሰረዙ። «ልቤ ተቃጠለ» የሚለውን «ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘ» ብለው ሰረዙት። «ድንበር የለሽ ፍቅር» የሚለውን «በድንበር ከተማ የማይመከር» ብለው ሰረዙት። ስለ ጥንቃቄዎ የኢሚግሬሽን ባልደረቦች ባይሸልሙዎት እንኳ እኔ አልረሳዎትም።

ሁለተኛ፦ በዚያው ወር «ጎረቤት ሐጂ አብዱላሂ በጩኸቱ ተማረዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። ደነገጥኩ፤ የሐጂ የጨርቅ ሱቅ ከአዳራሹ ጋር በግድግዳ የተያያዘ ነው። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ማን ተማረረ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት ተባልኩ።»

«ልጄ፣ አዛን ሲል ሙዚቃሽን ታቆሚያለሽ። በሁለት ዓመት አንድ ቀን አላሳለፍሽም። እኔ ዘፈንሽን አልሰማም፤ ዝም ማለትሽን ግን እሰማለሁ። ይህን ለላከሽ ሰው ንገሪው።»

ይኸው በአደባባይ ነግሬዎታለሁ፤ ከዕለት ሥራዎ ስላዘገየሁዎት ይቅርታ።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ እንደሆነው እተርከዋለሁ።

ወይዘሮ ደሚቱን ያውቋቸዋል። ሁላችንም በኦሮምኛው አክብሮት «አደ ደሚቱ» ነው የምንላቸው፤ ከጎልቦ ቆላ የሚመጣ የግመል ወተት ገበያ ላይ የሚሸጡ፣ ሥልሳኛ ዓመታቸውን የተሻገሩ ሴት ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቦዳ ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር፣ ገጭቶ ጭናቸውን ሰበራቸው። አጥንቱ ገጠመ፤ እሳቸው ግን ከቤት መውጣት ተዉ። ነርሷ ሜርሲ በየሳምንቱ እየሄደች «ማማ፣ ይራመዱ» ብትላቸው «ወዴት ልሂድ ብዬ?» ይሏት ነበር። አንድ እሑድ ሜርሲ እንዲሁ ቁጭ ብለው እንዲያዩ ይዛቸው መጣች። በአራተኛው እሑድ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ እግራቸው ምቱን ሲቆጥር አየሁት። ዴኒስ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው፤ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ፤ ቀስ ብለን ነው» አላቸው። ከስምንት ወር በኋላ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መሐል አዳራሽ ይገቡ ጀመር። ግራ እግራቸው በስምንተኛው ምት ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ እኔም ያንን መዘግየት የሚጠብቁ ዘፈኖች ፈልጌ አገኘሁላቸው። አራት ነበሩ። ከእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ የተረፈው አንዱ ነው።

እንግዳ ከናይሮቢ ያመጡበትን እሑድ መቼም አይረሱትም። ፊት ረድፍ ላይ ሦስት ወንበር በነጭ ጨርቅ አስሸፍነው ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ያችን አንዷን ዘፈን ከፈትኩ። አደ ደሚቱ ከዴኒስ ጋር መሐል ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለት ጥንዶች አሉ። እርስዎ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ይኼ ለቅሶ ነው እንዴ? ሞቅ አድርጊው!»

«ክቡር ሊቀመንበር፣ አደ ደሚቱ መሐል ላይ ናቸው። ደቂቃ ተኩል ነው የቀረው፤ ይለቅና ያሉትን አደርጋለሁ።»

«እንግዳው ስልካቸውን እያዩ ነው፤ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። እባክዎ፣ ደቂቃ ተኩል ብቻ።»

ከዚያ በላይ አልለመንኩም፤ እርስዎም ከዚያ በላይ አልጠበቁም። በትከሻዬ ላይ እጅዎን አሻግረው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኙትን ዘፈን ተጫኑት። ከቀይ እስክሪብቶዎ ከተረፉት ከአሥራ አንዱ ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ሙዚቃው በመሐሉ ተቆርጦ ሌላው እንደ ድንጋይ ናዳ ወረደ። የኋላዎቹ ጥንዶች ምቱን ይዘው ተፈተለኩ፤ ዴኒስ አደ ደሚቱን ወደ ራሱ ሊስብ ሲል ከእነዚያ ጥንዶች አንዱ፣ ሾፌር፣ በጀርባው ገጫቸው። እጃቸውን አስቀድመው ወደቁ። ሙዚቃውን አጠፋሁት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አዳራሹ ሁሉ የሰማው አንድ ድምፅ የእርስዎ ነው፤ «ለምን አጠፋሽው?»

አደ ደሚቱ መሬት ላይ ሆነው መጀመሪያ የነኩት ጭናቸውን ነው። «እግሬ ደኅና ነው» አሉ፤ ደግመውም «እግሬ ደኅና ነው» አሉ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ግን ታጥፎ ነበር። ሜርሲ በሻርፗ አስራላቸው፣ ዴኒስ ተሸክሟቸው ወጣ። እርስዎ እንግዳውን ይዘው ወደ ምሳ፣ ይቅርታ፣ ወደ መክሰስ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ቃለ ጉባኤው ደረሰኝ። «አደጋው የደረሰው ዘፈን መራጯ ባሳየችው የጥንቃቄ ጉድለት ስለሆነ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ታግዳለች፤ ተጎጂዋንም በጽሑፍ ይቅርታ ትጠይቃለች» ይላል። ፊርማዎ ያምራል፤ እንዲህ ያለ ውብ ፊርማ እንዲህ ባለ ውሸት ሥር ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ያን ሳምንት ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ጠረጴዛው የእኔ ነው፤ እጅዎን መያዝ ነበረብኝ። ይቅርታውን ጽፌ ይዤ አደ ደሚቱ ቤት ሄድኩ። ማንበብ ስለማይችሉ ላነብላቸው ጀመርኩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ በጂብሱ እጃቸው ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት።

«አንቺ አልቀየርሽውም» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ዘፈን ልትቀይሪ ስትይ ቀና ብለሽ ታይኛለሽ። እኔም ያኔ ዴኒስን ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ። የዚያን ቀን ማንም አላየኝም።»

ክቡር ሆይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅልኝ የሠራሁትን ሥራ አንዲት ወተት ሻጭ ሴት በአንድ አረፍተ ነገር ነገሩኝ። እርስዎ በደጃቸው ብቅ ብለው ስለማያውቁ ይህ አልተነገረዎትም። ከዚያ ቤት አልቅሼ ወጣሁ፤ ይቅርታ መጠየቂያዬን ቀድጄ፣ ይህንን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

እኔን ማገድ አልበቃ ብሎዎት እሑድ እሑድ አዳራሹን ጭራሽ ስለዘጉብን እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ወልደ ሥላሴ የሆቴላቸውን የኋላ ግቢ ሲሚንቶ ያስለሰሱት ለመኪና ማቆሚያ ነበር፤ አሁን እሑድ እሑድ መኪና አይቆምበትም። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አራት ሰው መጣ፤ በስድስተኛው ከኦዳ መንደር ሳይቀር በሞተር የመጡ ነበሩ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን መክፈት ያቅተኝ ነበር። በሰባተኛው እሑድ አደ ደሚቱ ጂብሳቸው ተፈትቶ መጡ። ቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ።

«ያንን የተቆረጠብኝን ክፈቺልኝ። መጨረሻውን አላውቀውም።»

ከፈትኩት። ከመጀመሪያው። ዴኒስ ግራ እጃቸውን ብቻ ያዘ። ሌሎቹ ሳይነገራቸው ወደ ዳር ወጡ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሙሉ ቀና እንዳልኩ ነበርኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ አደ ደሚቱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው? ለዚህ ነው ያ ሁሉ?» ብለው ሳቁ፤ ግቢው ሁሉ አብሯቸው ሳቀ።

እንግዲህ የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። ቃለ ጉባኤውን በዚያው በሚያምር ፊርማዎ ያርሙ፤ ዘፈኑን ማን እንደቀየረው በስም ይጻፉ። ሁለተኛም አደ ደሚቱ ቤት ሄደው፣ ያለ ማኅተምና ያለ ቅጂ፣ በአፍዎ ይቅርታ ይጠይቁ። መንገዱ ከጠፋዎት ሕፃን እንኳ ያሳይዎታል። አያደርጉትም ብለው ብዙዎች ነግረውኛል፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ሥልጣንዎ እንደ ግንቦት ዝናብ በጉጉት የሚጠበቅ፣ እንደ ግንቦት ዝናብም ቶሎ የሚያልፍ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ በታች፣ ከእውነት ግን ትንሽ ከፍ ብዬ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሮዳስ ወልደ ሥላሴ
የተባለች ግለሰብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሊና ባለፉት ሦስት እሑዶች ግቢያችን መጥተው ነበር፤ እርስዎ የት ይሄዳሉ ብለው እንዳልጠየቋቸው ስለነገሩኝ፣ እንዳያስቡ ብዬ ነው። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ራሳቸው ናቸው። እርምጃው በጣም ይሆንላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን «ምን ዓይነት ዘፈን ልክፈትልዎ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እስቲ ላስብበት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉኝ።