የሁለት ሰው የባቡር ካርድ

ፊሊፓ፣

ይህን ስታነቢ እኔ ወደ ኤልስክሮፍት በሚሄደው ባቡር ላይ ነኝ። ድመቷን አብልቻታለሁ፤ እንዳልበላች ሆና ብትለማመጥሽ አትመኛት። በዚህ ቤት የምታስመስለው እሷ ብቻ አይደለችም።

የቆሻሻውን በርሜል ሰኞ ጠዋት አውጪው።

ትናንት ራስሽን እንዳመመሽና መሄድ እንደማትችይ ስትነግሪኝ አምኜሽ ሻይ አፈላሁልሽ። ሻዩን ይዤ በርሽ ላይ ስደርስ ግን ከፍቅረኛሽ ከዶሚኒክ ጋር በስልክ ስታወሪ ሰማሁ፦

«ቅዳሜና እሑዴን አሮጌ ባቡር ሳይ ልዋል እንዴ? ያውም ከክፍላችን አንደኛ ከምትወጣዋ ጋር? አስተምራ ትገድለኛለች። ና ውሰደኝ ባክህ።»

ሻዩን ራሴ ጠጣሁት።

አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበትን የባቡር መጠገኛ ላሳይሽ ከገና ጀምሮ ሳቅድ እንደነበር ታውቂያለሽ። አልፈልግም ብትይኝ ኖሮ አልቀየምሽም ነበር።

ኤልስክሮፍት፣ መጠገኛው አጠገብ ያለው ማረፊያ ቤት ሁለት አልጋ ይዞልናል። ያንቺን አልሰረዝኩትም።

የቅናሽ ካርዳችን ጠረጴዛው ላይ አለ። የሚሠራው ፎቶግራፋቸው ካርዱ ላይ ያለው ሁለቱ ሰዎች አብረው ሲጓዙ ብቻ በመሆኑ እኔ በሙሉ ዋጋ ተሳፍሬአለሁ። ከዶሚኒክ ጋር ልትጓዢበት ብትሞክሪ፣ ተቆጣጣሪው አጠገብሽ የሚፈልገው እኔን ነው።

ሮዌና