ዐሥራ አንዱ የምራቅ ጥያቄ

መጋቢት 20 ቀን 2008፣ ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ የወር ኪኒኔን ለመውሰድ። አግዳሚው አቧራ ለብሷል። ጠርጌ ተቀመጥኩ።

ወይንእሸት የምትባል ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች። የሞጣ ልጅ ናት። የአፍ ድርቀትን ለሚለካ ጥናት ነው አለች። ዐሥራ አንድ ጥያቄ፤ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት። አንድ ማለት «በጭራሽ»፣ አምስት ማለት «ሁልጊዜ»።

ስለ ምራቅ! ሰው በተሰበሰበበት! እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሰው ፊት ምራቅን ያነሳች ልጅ ተንበርክካ ትውል ነበር።

«ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ይነሳሉ፣ እትዬ ብሩክታይት?»

«አልነሳም።»

አንድ ብላ ጻፈች። ውሸት አይደለም። ጆጉ ከራስጌዬ ነው፤ ለምን እነሳለሁ? የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ ተብዬ ነው ያደግሁት።

ሌላውንም እንዲሁ... ድምሩ ዐሥራ ሦስት። «እንኳን ደስ አለዎ» አለችኝ።

መጋቢት 22፣ ሐሙስ

ጎረቤቴ ፈንታነሽ ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ቤቷ ሄጄ ገድል አነብላታለሁ። ዛሬ ግማሽ ገጽ ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። «ሥራ አለብኝ» ብዬ ተነሳሁ።

«የምን ሥራ? ማስተማር ከተውሽ ሃያ ዓመትሽ!»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ከጾሙ ነው... ሲፈታ ይተወኛል።

መጋቢት 26፣ ሰኞ

ወይንእሸትን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋት። ደስታዋ ሌላ። «ከእርስዎ በቀር ቢቸና ውስጥ አፉ ያልደረቀ ሰው የለም እኮ!»

«ለመሆኑ፣ ልጄ፣ ስለ ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቂው?»

«ስላለፈው አራት ሳምንት።»

«ሑዳዴ ከገባ ዛሬ ድፍን አራት ሳምንት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመሰን ሰው፣ አፍህ ደረቀ ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ሞጣ አይጾሙም እንዴ?»

ወረቀቷን አየች። ሰማዩን አየች። «እንጾማለን እንጂ! ወረቀቱን ያዘጋጁት ናቸው...»

ከፋሲካ በኋላ አራት ሳምንት ቆጥረሽ ድገሚው አልኳት። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ንጹሕ መለኪያ ማለት ያ ነው። ተኩራርቼ ገባሁ።

ሚያዝያ 30፣ እሑድ

ፋሲካ ካለፈ ሳምንት። አፌ ያው ነው። ዶሮውን እንኳ ያለ ውኃ አልዋጥኩትም። እንግዲህ በምን ላሳብብ?

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ፈንታነሽ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

«ሰለቸሁሽ አይደል?»

«ምን ነካሽ!»

«የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ሁለት መስመር አንብበሽ ትነሻለሽ። በቃ፣ ነገ አትምጪ።»

አፌ ደርቆ ነው ማለት አቃተኝ። ለአርባ ዓመት ጎረቤቴ! ለምን? ምራቅ ስለሆነ?

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። አልጠራችኝም።

ግንቦት 24፣ ረቡዕ

ወይንእሸት ቤቴ ድረስ መጣች። «እንዳዘዙኝ ቆጥሬ ደገምኩት። የሁሉም ቁጥር ወረደ፣ እትዬ! ለካ ጾመኛውን ነው በሽተኛ ያልኩት።» ሳቀች። «እርስዎን ለወጉ ያህል ነው... ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ይነሳሉ?»

ማምለጫዬን ሁሉ የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ፈንታነሽ ትዝ አለችኝ።

«አልነሳም። ጆጉ ከራስጌዬ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እጠጣለሁ። አምስት ብለሽ ጻፊ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ያኔ አንድ አስብለውኝ ነበር እኮ!»

«መነሳቴን ነዋ የጠየቅሽኝ!»

አርባ ስድስት ወጣልኝ፤ ከሃምሳ አምስት። ኪኒኖቼን አሳዩኝ አለች። ለእግሬ ማቃጠል ማታ ማታ የምውጣትን አንስታ ጮኸች። «አፍ የምታደርቀው ይቺ ናት! ብቻ በራስዎ እንዳያቆሟት። ነገ ሐኪሙ ጋ ይምጡ።»

ግንቦት 25፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ኪኒኗን በግማሽ ቀነሳት። ከዚያው ወደ ፈንታነሽ። በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ መቀመጥ አላሰኘኝም።

«ምራቅ?»

«ምራቅ።»

ትን እስኪላት ሳቀች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩት ለምራቅ ነው? ግቢ፣ አንቺ ጉደኛ!»

ገባሁ። አለቀስን ልበል? ትንሽ።

ሰኔ 24፣ ዓርብ

ኪኒኗ ከተቀነሰች ትናንት አራት ሳምንት ሞላ። ወይንእሸት ጠየቀችኝ፤ ሃያ ስምንት። ልታስደስተኝ ሃያ አምስት ልታደርገው ነበር፣ አልፈቀድኩም። የሐዋርያት ጾም ስላለበት ኅዳጉ ላይ ይጻፍ አልኳት። ጻፈች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለፈንታነሽ ስድስት ገጽ አነበብኩላት። ሳልቆም። ሰባተኛውን ስገልጥ ሰማችኝ።

«ብሩክታይት፣ በማርያም ይዤሻለሁ... ጻድቁም ይረፉ፣ እኔም ልረፍ።»

ሁለት ገጽ ጨመርኩባት።