ባለቤቴን ትተው ለእኔ ስላነበቡልኝ የልብ ምስል

ለተከበሩ ዶክተር ጾንግ፣ የልብ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ከረመ? ዓይንዎ ሳይደክም የሰውን ልብ እየተመለከቱ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ በልቼ አድራለሁ፣ ተኝቼ እነሳለሁ። ሉዋን ዪንሽያ እባላለሁ፤ በመከር ወራት ልቡን ታሞ እርስዎ ዘንድ የተኛው የአፕል ገበሬ፣ የጉ ሃንሼንግ ሚስት ነኝ። ነበርኩ ማለቴ ነው። ምስጋናዬን በጋዜጣ የማቀርበው ሌላውም ቤተሰብ እንዲጠቀምበት ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ኤም አር አይ ማሽኑ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ እዚያ ቱቦ ውስጥ ተጋድሞ፣ ትንፋሽህን ያዝ ሲሉት እየያዘ፣ ልቀቅ ሲሉት እየለቀቀ በትዕግሥት ምስል ተነሣ። እርስዎም የሞተው የልብ ሥጋ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ፣ ነጩ ከበዛ ዕድሜ እንደሚያጥር በሚገባ አስረዱ። ያስረዱት ግን ለእኔ ነው፤ ኮሪደር ላይ፣ በሹክሹክታ። እሱ በሩ ማዶ ካልሲውን ይፈልግ ነበር። «ዓመት መድፈኑን እጠራጠራለሁ። ለበሽተኛ አይነገርም፣ ሞራሉ ይወድቃል፤ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ልማዳችን ነው፤ እናቴም አባቴን የሸኘችው እንዲሁ ነው። እሺ አልኩ።

ሁለተኛ፤ በስተርጅና ውሸት ስላስተማሩኝ። «ሐኪሙ ምን አለ?» ሲለኝ፣ «ገና ብዙ አፕል ትለቅማለህ አለ» አልኩት። ደስታውን ቢያዩት! «ልቤ እንደ አዲስ ሞተር ነው፣ ምስሉ መስክሯል» እያለ ጎረቤቱን ሲያሰለች ሰነበተ።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ባለቤቴ ከታላቅ ወንድሙ ከሃንሊያንግ ጋር የአባታቸውን የአፕል እርሻ ሲካፈሉ ተኳርፈው፣ ፀጉራቸው እስኪሸብት አልተነጋገሩም። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን በገዛ አፉ «ሄጄ ከወንድሜ እታረቃለሁ» አለኝ።

«ዛሬውኑ ሂድ» አልኩት።

«ብርዱ ይለፍ። አፕሉ ሲያብብ እሄዳለሁ።»

«ኧረ ነገ ሂድ» ብዬ ወተወትኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አስቸኮለሽ? ልሞት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ክቡርነትዎ፣ ለዚህ ምን ብዬ እንደምመልስ ኮሪደሩ ላይ አልነገሩኝም ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ፈጀውም።

ብርዱ ገና ሳያልፍ፣ ለአዲስ ዓመት ገበያ አፕል ሲመርጥ በሣጥኑ ላይ ተደፋ። ቃልዎ መሬት ጠብ አላለም፤ ስለ ትክክለኛነትዎ እንኳን ደስ አለዎ። ወንድሙ ለቀብር መጣ። «እኔ እኮ ይመጣል ብዬ ነው የጠበቅኩት። እንደሚሞት ታውቂ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም አላለቀስኩም፤ እጄን ቢቆርጡኝ የሚያመኝ አይመስለኝም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጠፋኝ።

እንግዲህ ትንሽ ልመና አለችኝ። ወደፊት የሰው ልብ ሲያነቡ፣ ባለልቡ አጠገብዎ ካለ፣ ቢያንስ ልስማ ወይስ አልስማ የሚለውን እሱን ይጠይቁት። ለትልቅ ሰው ይህን ማስታወስ ድፍረት ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ውለታዎን መቼም የማትረሳው፣ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣
ሉዋን ዪንሽያ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው እኔንም ደረቴን ጨምቆኝ ሆስፒታልዎ መጥቼ ምስል ተነሥቼ ነበር። ልጄን ወደ ውጭ ጠሩት። እየሳቀ ተመለሰና፣ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን፣ ተንበርክኮ ጫማዬን አሰረልኝ። እንዳላስዋሸው ብዬ እሱን አልጠየቅኩትም። እርስዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ «ቤተሰብ ካልሆኑ አይነገርዎትም» ይሉኛል ብዬ ተውኩት።